የማይቃጠል ፓምፕ

ቢሾፍቱ፣ አንድ ሰፊና ጭር ያለ ግቢ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ ባላቸው አቶ ታምሩ ከሞቱ አራት ዓመት የሆናቸው ወይዘሮ የሺመቤት ከመዋኛ ገንዳው ጀርባ ባለችው የፓምፕ ክፍል በር ላይ ቆመዋል፤ ጠጋኙ ገዛኸኝ ውስጥ ተንበርክኮ ፓምፑን ፈትቶታል።

የሺመቤት፦ አይቀየርም ብያለሁ አይቀየርም! ጠግነው።

ገዛኸኝ፦ እትዬ የሺ፣ ምኑን ልጠግነው? ኩሽኔታው አልቋል፣ ውኃ የሚይዘው ጎሚኒ ተቃጥሏል፣ አካሉም እዚህ ጋ ተሰንጥቋል። ይኸው ይዩት።

የሺመቤት፦ እኔም ተሰንጥቄአለሁ፤ ማን ቀየረኝ?

ገዛኸኝ፦ የእርስዎ መለዋወጫ ገበያ ላይ የለማ።

የሺመቤት፦ አንተ ባለጌ! በል አታስቀኝ። ባለፈው «ዓመት ያገለግልዎታል» ብለኸኝ አልነበር የሄድከው? ዓመቱ መቼ ሞላ?

ገዛኸኝ፦ ገና ስድስት ሳምንቱ ነው።

የሺመቤት፦ እኮ! ሥራህ ላላ እንጂ ፓምፑ ምን አደረገ? ታምሩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሐኪም ለወገቡ ዋና አዞለት ይሄን ገንዳ ካስቆፈረ ጀምሮ ይሄ ፓምፕ እህ ብሎ አያውቅም ነበር።

ገዛኸኝ፦ እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ጋሽ ታምሩ በሕይወት ሳሉ ለዚህ ፓምፕ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የመጣሁት። ዘንድሮ ግን ይሄ አምስተኛዬ ነው። ደግሞ የሚዋኝበት ሰው የለ።

የሺመቤት፦ ብቻውን ሲሆን ከፍቶት ይሆናላ።

ገዛኸኝ፦ ሁልጊዜ የሚቃጠለውም ያው ጎሚኒ ነው።

የሺመቤት፦ የማይረባ ጎሚኒ ነዋ የምታመጣው!

ገዛኸኝ፦ ጎሚኒ እንዲህ የሚቃጠለው ፓምፑ ያለ ውኃ ሲሽከረከር ነው። ውኃው ነው የሚያበርደው። ውኃ የሚያጣው ደግሞ ይቺ የቧንቧው ቀይ መዝጊያ ስትዘጋ ነው።

የሺመቤት፦ ዘበኛው ይሆናል። እጁ አያርፍም።

ገዛኸኝ፦ ዘበኛውን በጥር አሰናብተውታል።

የሺመቤት፦ እንግዲያው ድመቷ ናት።

ገዛኸኝ፦ ድመቷ ዘግታ፣ እስኪቃጠል ጠብቃ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት መልሳ ትከፍታለች?

የሺመቤት፦ ብልህ ድመት ናት።

ገዛኸኝ፦ እትዬ።

የሺመቤት፦ ምን ትሆናለህ?

ገዛኸኝ፦ እንዲያው እውነቱን ይንገሩኝ። አልቆጣም።

የሺመቤት፦ አንተ ነህ እኔን የምትቆጣኝ? በገዛ ፓምፔ? ተነስ እስቲ፣ ጉልበትህ ራሰ። እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ በል።

ገዛኸኝ፦ ይኸው ተቀመጥኩ።

የሺመቤት፦ አሁን እኔ ልጠይቅህ። ይሄ ፓምፕ ደህና ሆኖ ሳለ ስንት ቀን መጥተህ ጠየቅኸኝ?

ገዛኸኝ፦ ደህና ሆኖ ሳለ?

የሺመቤት፦ መልስ እንጂ።

ገዛኸኝ፦ አልጠሩኝማ፣ እትዬ።

የሺመቤት፦ ምን ብዬ ልጥራህ? «ገዛኸኝ፣ ምንም አልተበላሸም፣ ና» ልበልህ? አሮጊቷ ጃጀች አትልም? ልጆቼ ጋ አዲስ አበባ ስደውል እንኳ መጀመሪያ የሚሉኝ «ምን ሆነሽ ነው?» ነው። ምንም አልሆንኩም ካልኩ፣ በይ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ቻው። አንተን ግን ፓምፑ ቆመ ስልህ ሰዓት ሳይሞላ ከች ትላለህ። አንተ ስትፈታ እኔ እዚህ ቆሜ አወራለሁ። እንደ ሰው አወራለሁ። ስትሄድ ደግሞ ያው ነው። በቀደም አንዲት ሴት ሳሎን ውስጥ ስታወራ ሰማሁና ደነገጥኩ። ለካ እኔው ነኝ። ድምፄን ረስቼው ነበር። ፈራሁ፣ ገዛኸኝ፣ በጣም ፈራሁ። ወርጄ መዝጊያዋን ዘጋኋት።

ገዛኸኝ፦ አውቄ ነበር።

የሺመቤት፦ ምኑን?

ገዛኸኝ፦ እርስዎ እንደሚዘጉት። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ አውቄአለሁ። መዝጊያዋ አቧራ ለብሳ የጣትዎ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

የሺመቤት፦ ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም አልከኝ? በሆድህ እየሳቅህብኝ!

ገዛኸኝ፦ አልሳቅሁም። ብናገር ይተዉታል ብዬ ነው።

የሺመቤት፦ ብተወው ምናለበት?

ገዛኸኝ፦ ሚስቴ ወይንሸት ከሞተች ወዲህ፣ ቤቴ ስገባ መብራት የማበራው እኔ፣ የማጠፋው እኔ። ራቴን ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ በልቼ እገባለሁ። እዚህ ስመጣ ግን «ከስተሃል፣ ምን በልተሃል?» የሚለኝ ሰው አለ። ስለዚህ እኔም… እንዲያው ሳልነግርዎ ብቀር ይሻል ነበር።

የሺመቤት፦ ጀምረሃል፣ ጨርሰው።

ገዛኸኝ፦ የማስገባልዎ ጎሚኒ ያገለገለ ነበር። ቶሎ እንዲያልቅ።

የሺመቤት፦ አንተ ሌባ!

ገዛኸኝ፦ ምን ላድርግ? እርስዎ ሲዘጉበት፣ እኔ አሮጌ ሳስገባበት፣ ምስኪኑን ፓምፕ ለሁለት ገደልነው።

የሺመቤት፦ ጉድ ነው! እኔ ደግሞ ኃጢአቱን ብቻዬን ተሸክሜ ስጨነቅ ነበር። ታዲያ ዛሬ ምን ነካህ? አሮጌህን አስገባና ሂድ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንገናኛለን።

ገዛኸኝ፦ ዛሬ አይሆንም። በስንጥቁ የሚንጠባጠበው ውኃ የሚያርፈው የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ በነጠላ ጫማ፣ እግርዎ እርጥብ ሆኖ፣ እዚህ ገብተው መዝጊያ ያዞራሉ። አንድ ቀን እርስዎ ሳይሆኑ ጎረቤት ቢደውልልኝስ?

የሺመቤት፦ ጎረቤትማ እስኪያውቅ ሳምንት ይፈጃል።

ገዛኸኝ፦ እሱን እኮ ነው የምልዎ!

የሺመቤት፦ አትጩህብኝ።

ገዛኸኝ፦ ይቅርታ፣ እትዬ። ወይንሸትንም ወድቃ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ወድቆ ማግኘት አልችልም።

የሺመቤት፦ አዲሱ ምን ዓይነት ነው?

ገዛኸኝ፦ ጥሩ ነው። ድምፅ የለውም። ውኃ ሲያጣ ራሱን ያጠፋል፤ ቢዘጉበትም አይቃጠልም።

የሺመቤት፦ ጭራሽ?

ገዛኸኝ፦ ጭራሽ። አሥር ዓመት ማንም አይነካውም።

የሺመቤት፦ ቀብሮኝ ሊኖር ነው በለኛ! ታዲያ አንተን ምን ሊያመጣህ ነው?

ገዛኸኝ፦ እመጣለሁ።

የሺመቤት፦ ሁሉም እመጣለሁ ነው የሚለው። ልጆቼም ለፋሲካ እንመጣለን ብለው ዶሮ ሠርቼ፣ ሳህን ደርድሬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን እያሞቅሁ በላሁት። ያንን ቃል ጠግቤዋለሁ። አሮጌው ይሻለኛል። ቢያንስ እሱ ሲበላሽ ትመጣለህ።

ገዛኸኝ፦ እንግዲያው የመፍቻ ሣጥኔን እዚህ ልተወው።

የሺመቤት፦ እዚህ ምን ሊያደርግ?

ገዛኸኝ፦ ይቀመጥ። ቦታው እዚህ ይሁን።

የሺመቤት፦ ነገ ሥራ የለህም እንዴ?

ገዛኸኝ፦ አለኝ። ጠዋት አንድ ሆቴል ይጠብቁኛል።

የሺመቤት፦ ያለ መፍቻ በጥርስህ ልትፈታ ነው?

ገዛኸኝ፦ መጥቼ እወስደዋለኋ።

የሺመቤት፦ ስትጨርስስ?

ገዛኸኝ፦ መልሼ አመጣዋለሁ። ሌላ የት አደርሰዋለሁ?

የሺመቤት፦ ሥራ በሌለህ ቀንስ?

ገዛኸኝ፦ ሥራ በሌለኝ ቀን ዕቃ ይጸዳል፣ ዘይት ይቀባል። ረጅም ሥራ ነው፣ እትዬ፤ ምሳ ሰዓት ያልፍበታል።

የሺመቤት፦ በል ምን ትጎለታለህ? ተነስና አሮጌውን ንቀለው።