አለሙ ቦርሳውን ራሱ የሸከፈ ቀን

በእኛ ጊዜ፣ መምህር፣ አደን የሚወጣ ወንድ ስንቁን ራሱ አይሸክፍም ነበር። እንግዲህ በእኔ ቤት አይሸክፍም ነበር፤ የሌላውን ቤት አላውቅም። ስልክህን አስጠጋው፣ ይቅዳ፣ ግድ የለም። ነገ ከአለሙ ጋር ቆቅ አደን ልትወጣ ከማርቆስ ከተማ የጀርባ ቦርሳ ገዝተህ መጥተሃል አለችኝ ሚስትህ። የልጅ ልጄ መቼም አትዋሽም። አየሁት፣ ያምራል። እንዲያው ያምራል። እና ስለ ቦርሳ ካነሳህ አንድ ነገር ልንገርህ።

ሙያ በልብ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን እናገራለሁ፤ ሰባ ዓመት አልፎኝ ለማን እደብቀዋለሁ? አለሙ፣ ይኸው አጠገብህ የተቀመጠው ባሌ፣ ቆቅ በወንጭፍ በመጣል በዚህ በአምበር ዙሪያ የሚደርስበት አልነበረም። ይሁን፣ አልክድም። ድንጋዩን የሚወረውረው እሱ ነው። ድንጋዩን የሚመርጠውስ ማን ነው? እኔ ነኝ። ውሃ ልቀዳ ወንዝ ስወርድ ድቡልቡሉን እየለየሁ እለቅማለሁ፤ ጠርዝ ያለው ድንጋይ ከወንጭፍ ሲወጣ ይጣመማል። ትከሻው ላይ የሚያነግተውን ኮረጆም የመረጥሁት እኔ ነኝ። የፍየል ቆዳ ነው፤ የበግ ቶሎ ይቀደዳል። አዲስም አይሆንም፣ አዲስ ቆዳ በተራመድህ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ቆቅ ደግሞ ታውቃት የለ፣ ጥላህን ሳይቀር ትሰማለች። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ቅቤ እየቀባሁ አለዝበዋለሁ።

ታዲያ ስሸክፍ ከሥር ሣር አነጥፋለሁ፣ ደም ቆዳውን እንዳያበላሸው። ድንጋዩ በቀኝ በኩል ነው፣ እጅ ወርዶ በሚያገኘው። ቆሎው በጨርቅ ተቋጥሮ በግራ፤ ዳቦ ይፈረፈራል፣ እንጀራም ወጥ ያምረዋል። ውሃ በትንሽ ቅል። ካራውስ? ካራው ኮረጆው ውስጥ አይገባም። ሰማህ? አይገባም። ከነአፎቱ ማንገቻው ላይ አስረዋለሁ፣ እጀታው ወደ ቀኝ እጅ አድርጌ። ለምን በለኝ።

«ለምን እማማ?»

ቆቅ በድንጋይ ስትመታ ወዲያው አትሞትም፣ ትንሽ ትቆያለች። ያች ትንፋሽ ሳታልቅ ደርሰህ፣ በስመ አብ ብለህ ካላረድሃት ብክት ናት፤ ብክት ደግሞ ክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ ያን ጊዜ ካራ ፍለጋ የሚዳብስ ሰው ቆቅ አላደነም፣ ለቀበሮ ምሳ አዘጋጀ እንጂ።

እና እንግዲህ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ አባቴ እኛ ቤት ታመው ተኙ። ቄስ ነበሩ፣ ዘጠናን የተጠጉ። ሁለት ሳምንት እህል በአፋቸው አልዞረም። ማርቆስ ሐኪም ቤት ወስደናቸው «ይብሉ፣ ካልበሉ መድኃኒቱ ብቻውን አያነሳቸውም» ብለው መለሱን። ሽሮ አቀርባለሁ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ። ወተት አቀርባለሁ፣ ወደ ግድግዳ። ታዲያ ኅዳር አሥራ አራት ማክሰኞ ጠዋት ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉና «የቆቅ መረቅ ቢሆን እቀምስ ነበር» አሉኝ።

መምህር፣ ኅዳር አሥራ አራት ነው የምልህ። በማግስቱ ጾመ ነቢያት ይገባል፣ እስከ ገና ድረስ ሥጋ የለም። «አባባ፣ ለታመመ እኮ ይፈቀዳል» አልኋቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ጹሙ ስል ኖሬ አሁን በመጨረሻዬ ልግደፍ?» አሉ። ያ ቀን ካለፈ ለገና እንደማይደርሱ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ያለን እስከ ማታ ነው።

አለሙ ብድግ አለ። ታዲያ ያን ሰሞን፣ አባባን ሐኪም ቤት ስንወስድ፣ ከማርቆስ ገበያ አንድ ቀይ የጀርባ ቦርሳ ገዝቶ ነበር። «ዛሬ እኔው ራሴ እሸክፋለሁ፣ አንች ከአባትሽ አትነሺ» አለኝ። አዝኖልኝ ነው፣ አውቃለሁ።

«ካራውን የት አደረግኸው?» አልሁት።

«ገብቷል።»

«የት ነው የገባ?»

«ገብቷል አልሁሽ፤ ይኼ እንዳንች ኮረጆ መሰለሽ፣ አምስት ኪስ አለው።»

ወጣ። ቀትር ላይ ባዶ እጁን መጣና ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «አጣህ እንዴ?» አልሁት። «አላጣሁም» አለ፣ «ሁለት ጥያለሁ።» «ታዲያ የታሉ?» መሬት መሬት አየና ነገረኝ። የመጀመሪያዋ ከገብሱ ዳር ወደቀች፣ ሮጦ ደረሰ። «ዚፑን ዝርርር ሳደርገው ቆሎ፣ ዝርርር ሳደርገው ጃንጥላ፣ ዝርርር ሳደርገው ካልሲ» አለኝ። ካልሲ፣ ለቆቅ። ካራው ከድንጋዮቹ ሁሉ ሥር ተኝቷል፤ ሲያወጣው ቆቋ ሞታለች። ኋላ ካራውን ወደ ውጭኛው ኪስ አዛወረው፤ ሁለተኛዋ ስትወድቅ ዚፑ ጨርቅ ነክሶ አልከፈት አለ፣ እሷም ሞተች። «በእጅህ አትይዘውም ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «ወንጭፉን በምን እጄ ላዙረው?» አለኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይኼን ለማንም አውርቼ አላውቅም። «ከሞቱት አንዷን አንገቷን ቆርጠህ ብታመጣትስ ማን ያውቅብሃል?» አልሁት። አባቴ እየሞቱብኝ ነው፣ መምህር። ቀና ብሎ አየኝ። «ለቄስ ብክት ላብላ? ደግሞስ የሚያምነኝን ሰው?» አለኝ። አፈርሁ። አፈርሁ፣ ደግሞም ኮራሁበት፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ያገባሁት ሰው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ግን አልነገርሁትም። «ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» አልሁትና ገብቼ ኮረጆዬን አወረድሁ። ሸከፍሁ። እጁን ሲዘረጋ አልሰጠሁትም፣ በራሴ ትከሻ አነገትሁት።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ያለህ ሁለት እጅ ነው፣ ሁለቱም ለወንጭፉ ይሁኑ።»

«ሴት አደን ወጣች ይባላል እኮ።»

«ይባል።»

አባባን ለጎረቤት አደራ ብዬ ወጣሁ፣ በስልሳ ዓመቴ፣ በነጠላ ጫማ። ገደሉ አፋፍ ደረስን። ያጨድነው ማሳ ላይ ቆቆቹ ለቀማ ሊወጡ ሰዓታቸው ነው። አለሙ ወረወረ፣ ሳተ። ሁሉም ተነሥተው በረሩ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው፣ ልቤ አብሯት ይወርዳል። ደግመው መጡ። ወንጭፉን አንሥቶ መልሶ አወረደው፤ አለሙ፣ አትሽኮርመም፣ አውርደኸዋል። «አይዞህ፣ ድንጋዩ የኔ ምርጫ ነው» አልሁት በሹክሹክታ። ወረወረ። አንዷ ወደቀች፣ ግን እሾህ መሃል። እሱ ሳይነሣ እኔ ሮጥሁ። ቀሚሴ ተቀደደ፣ ክንዴ ደማ፣ ያዝኋት። ልቧ መዳፌ ውስጥ ይመታል። ሴት አታርድም፣ መቼም ታውቃለህ፣ እንጂ ያን ጊዜ ጥርሴም ያርድ ነበር። አለሙ ሲደርስ ትከሻዬን አዞርሁለት፣ የካራው እጀታ እጁ ላይ ዐረፈ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ። እዚያው እሾሁ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስሁ።

መረቁን ሳቀርብ አባባ «ተባርኳል?» አሉ። አለሙ «ተባርኳል፣ አባ» አለ። እዚያ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። አላለም፤ የጠዋቱንም፣ የኔንም መውጣት፣ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። እኔ እንደ ልጅነቴ ፈራሁ። ሴት አደን ወጣች ብለው ጽዋውን ይመልሱታል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከእጄ ተቀበሉ። ጠጡ። እንደገና ጽዋውን ዘረጉልኝና «ጨምሪ» አሉ።

አፋቸው በዚያ ተከፈተ። በማግስቱ ጾሙ ገባ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አጥሚት ይጠጣሉ፣ ኋላም ሽሮውን በትንሽ በትንሹ ጀመሩ። ገና ሲደርስ በከዘራ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ። ከዚያ ወዲያ አራት ገና አከበሩ፣ አራት። በዚያች በመጀመሪያዋ ገና ታዲያ ቤቱ ሰው ሞልቶበት አለሙን ጠሩትና፣ ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አሉት፦ «አለሙ፣ ልጄ አደን ስትወጣ ተከተላት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ልጅ ሳለሁ ምስጋና የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ያን ቃል ለመስማት ስልሳ ዓመት ጠበቅሁ፣ አሁንም ስናገረው ደረቴ ይሞላል።

«ጋሼ አለሙስ ያኔ ምን አሉ?»

እሱን ራሱን ጠይቀው፣ ይኸው ተቀምጧል።

«ምን እላለሁ፣ መምህር» አለ አለሙ። «ይኸው እየተከተልሁ ነው። ብቻ እርምጃዋ ፈጣን ነው።»