ድንጋይ ከመሸከም በፊት

ጋሽ ካሳው ከደብረ ታቦር ገበያ የገዙትን በሬ እየነዱ ወደ ጋፋት ሲመለሱ የባለሱቁን የኑሩን ልጅ ሂክማን ከመንገድ አገኟት። ሂክማ በሆስፒታል የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። እሳቸው ደግሞ ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ያስታረቋት ሚስት ደግማ እያለቀሰች ብትመጣ እንኳ ደግመው ያስታርቋታል እንጂ ሙያቸውን አይጠራጠሩም።

“ጋሼ፣ ነገ ደሳለችንና የሚደበድባትን ባሏን አገኘሁን ሊያስታርቁ ነው አሉ። ‘ንገሪልኝ’ ብላ የላከችኝ ራሷ ደሳለች ናት።”

“አዎን ልጄ። ድንጋይ ተሸክሞ እግራችን ላይ ይወድቃል፣ እሷም ይቅር ትለዋለች።”

“አምናም ተሸክሞ ነበር።”

“ሰይጣን አሳስቶት ነዋ! አረቄ ሲቀምስ ራሱን አያውቅም።”

“እንግዲያው አስቀድሞ እኛ ዘንድ መጥቶ ጠባዩ ይመርመር። እሱን እንጠይቃለን፤ የሚያውቁትንም ለየብቻ እንሰማለን።”

ሽማግሌው ሳቁ። “የሰው ጠባይ በጥያቄ ይታወቃል? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንጂ!”

“ያወጣዋል እንጂ አይፈጥረውም፣ ጋሼ። ይህን በሬ ሲገዙ ምን አደረጉ?”

“ዞሬ አየሁት፤ ይዋጋ እንደሆነም ሻጩን ትቼ ጎረቤቱን ጠየቅሁ።”

“ለደሳለችስ ይህን ያህል ቢጠነቀቁላት?”

“ሰውን ከከብት ታወዳድሪያለሽ?” ብለው ተቆጡ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን አገኘሁ ሲሰክር ራሱን የማያውቅ ከሆነ፣ ፊቷን መትቷት ያውቃል?”

ጋሽ ካሳው ሽምግልና በተቀመጡ ቁጥር ፊቷን እያዩ “ደኅና ነች” ሲሉ ኖረዋል። ነጠላዋ የሸፈነውን የጠየቃት አልነበረም። ሐፍረት ያዛቸው።

“አያውቅም” አሉ።

“ቦታ የሚመርጥ ሰካራም አለ? አንዱ ንዴቱን መግታት ያቅተዋል፤ ሌላው አስቦበት ይመታል። ሁለቱም አጥፊዎች ናቸው፣ መፍትሔያቸው ግን ይለያያል። ምርመራው ይህን ለመለየት ያግዛል። ፍርዱ የዳኛ ነው።”

በማግሥቱ አገኘሁ ድንጋዩን ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ደሳለችና ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት መጣ።

“አውርደው!” አሉ ጋሽ ካሳው። “ሆስፒታል ሄደህ ትመረመራለህ፣ በሕግም ትጠየቃለህ። ደሳለች ከአባቷ ቤት ትቆያለች።”

አገኘሁ ድንጋዩን ጥሎ ቀና አለና ሚስቱ ላይ አፈጠጠ። ሽማግሌዎቹ ያን ፊት ገና ያን ዕለት አዩት። ደሳለች ግን ታውቀዋለች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር የሚማታ ባል ሳይመረመር ዕርቅ አይቀመጡም። የሚታከመው ይታከማል፣ እንቢተኛው ሕግ ፊት ይቆማል፣ ሚስትም “ታረቂ” ተብላ ወደ ዱላ አትመለስም። “ለበሬ ያልነፈግነውን ለልጆቻችን ነፈግናቸው” ይላሉ ጋሽ ካሳው፣ ለሚሰማቸው ሁሉ።

ደሳለችም ወደ ባሏ ቤት ልትመለስ ቋጥራ የመጣችውን ልብስ፣ ድንጋዩ በተጣለበት ዕለት ማታ ከአባቷ ቤት ፈታችው።