ምድጃው ወዴት ይዙር?

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ይህን የምጽፈው እንዳይረሳኝ ብዬ ነው። ወደ ቦሌ አራብሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ባልና ሚስት አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ በካርቶን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«ከቧንቧው አጠገብ ይሁን፤ ሶኬቱ ያለው እዚያ ነው» አለ ባል።

«እሳትና ውሃ ጎን ለጎን ይጣላሉ። ደግሞ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ አላበስልም፤ ፌንግ ሹይ ይከለክላል።»

«ይሄ ፌንግ ሹይ የምትይው ሰውዬ የኮንዶሚኒየም ኩሽና ገብቶ ያውቃል?»

«ሰውዬ አይደለም! የቻይናዎች የቤት አቀማመጥ ጥበብ ነው።»

«እንግዲያው ቻይናዎቹ መጥተው ሶኬቱን ያዙሩልን!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሚስት ኮስተር ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«እህቴ፣ እስቲ አንቺ ዳኚን። ጀርባን ለበር ሰጥቶ ይበሰላል?»

በጣም አፈርኩ። «እኔ አትላስ አካባቢ ሰው ቤት ነው የማበስለው። ምድጃው ግድግዳው ሥር ስለሆነ ሳበስል ጀርባዬ ለበሩ ነው። አሠሪዬ ከኋላዬ በገቡ ቁጥር እደነግጣለሁ። ትናንት ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ።»

ባል ካርቶኑን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«በቃ፣ ነገ ኤሌክትሪሻን እጠራለሁ።»

ሲወርዱ ሚስት በመስኮቱ በኩል ፎቁን አሳየችኝ።

«ቤታችን ያ ነው። እሑድ ነይ፤ እያበሰልኩም ቢሆን በበሩ ስትገቢ አይሻለሁ።»