አልቦ የሌለው እግር

ከመቀሌ ወደ ኲሓ በሚሄደው የጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያዎች ላይ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ከፊቴ ተቀምጠው ነበር።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ የብር አልቦሽስ?»

«ለአንጥረኛው ሸጥኩት። ያን ሁሉ የባለሱቁን የጨርቅ ዱቤ ጨረስኩበት።»

«ለክፉ ቀን ያኖርሽውን?»

«ከዱቤ የባሰ ምን ክፉ ቀን አለ? ዛሬ በደጁ ሳልፍ ቀድሞ ሰላም ያለኝ እሱ ነው።»

«በደጁ?»

«በፊት ለፊት።»

«እኔኮ በጓሮ ነው የምዞረው። የእግሬን ድምፅ ሰምቶ እንዳይጠራኝ አልቦዬን በጨርቅ ጠቅልዬ።»

«ሽጪዋ ታዲያ።»

«በባዶ እግር ሰው ፊት ልቆም? አንቺም ብትሆኚ አላማረብሽም።»

«አውቃለሁ። ግን ከተሳፈርን ጀምሮ ዓይንሽን ከእግሬ አልነቀልሽም።»

«ቀንቼ ነዋ።»

የኮቴን ዱቤ ገና ያልጨረስኩት እኔም የኪስ ሰዓቴን የብር ሰንሰለት ቀስ ብዬ ወደ ኮቴ ውስጥ ከተትኩት።