የስድስት ሰከንድ አንሶላ

ጠቅ።

ትንሽ ጸጥታ። ከዚያ እንደገና፣ ጠቅ።

ሦስተኛው ከመሰማቱ በፊት ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው ኢሶጋይ ሰከንድ መቁጠሪያውን በአውራ ጣቱ እንደ ተጫነ፣ ዓይኑንም ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ በሌላ እጁ መነጋገሪያውን አነሳ። ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ተንሳፍፎ ቆሟል።

— ሄሎ… አዎ፣ የኢሶጋይ ቤት ነው… እ፣ ቺናሚ ነሽ? ከጉድጓድ ውስጥ የምታወሪ ነው የሚመስለው። ከየት ነው የደወልሽው?… ከስቱዲዮው ደረጃ ላይ? በዚህ ብርድ? ግቢና ካፖርት ደርቢ… እሺ፣ እሺ። የአርባ ዓመት ሴት ልብስ ልበሺ አይባልም። እናትሽ ናት ያስለመደችኝ።

— ዲስኩ? ጠዋት ፖስተኛው አምጥቶታል… አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ። አሁን ሦስተኛዬን ይዣለሁ… ቆይ አንዴ፣ እናትሽን ልጥራ። ፉሳኤ፣ ያንን መስኮት ዝጊው፤ የስኳር ድንች ሻጩ መኪና እየዘፈነብኝ ልጅቷን መስማት አልቻልኩም… ሄሎ፣ ቀጥዪ።

ቀጥዪ ይበላት እንጂ የምትለውን ቀድሞ ያውቀዋል። ኢሶጋይ የካርቱን ስቱዲዮዎች በሞሉበት በዚሁ በኔሪማ ሰፈር ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ካርቱን ሲስል ጀርባው የጎበጠ ሰው ነው። «የጨው ደሴት» የተባለው ተከታታይ ሲሠራ የሥዕሎቹ ሁሉ አራሚ እሱ ነበር፤ ጉድለት ያየበት ሥዕል ላይ ቢጫ ወረቀት ደርቦ ትክክለኛውን መስመር ያሰምርበታል። አሁን ልጁ ቺናሚ ያንኑ ተከታታይ እንደ አዲስ እየሠራችው ነው። ከአባቷ የምትፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጨረሻ በሚያልፈው የስም ዝርዝር ውስጥ የእሱ ስም ከእሷ ስም አጠገብ እንዲቆም።

— «እንዴት አገኘኸው?» ካልሽ ልንገርሽ። ቀፎኛል… ቀፎኛል ነው ያልኩት፤ መስመሩ ጥሩ ነው፣ በደንብ ሰምተሻል።

— ከየቱ ልጀምርልሽ? ከእናትየዋ ልጀምር። ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ጨው በጀርባዋ ስትሸከም የኖረች ናት። እናንተ ወገቧን እንደ ተርብ አጥብቃችሁ፣ ጥፍሯን አብለጭልጫችሁ… ዓይኗስ? በአንድ ዓይን ውስጥ ሦስት መብራት። ዓይን ነው ወይስ የጌጣጌጥ ሱቅ?… የዛሬ ተመልካች ይወደዋል? የዛሬ ተመልካች ምን የማይወደው አለ። በዛሬ ካርቱን ሰውዬው እንደ ግንድ ይቆማል፣ ፀጉሩ ብቻ ይውለበለባል። ሲናደድ ከኋላው እሳት ይነድዳል፣ ሰባት ደቂቃ ይጮኻል፣ ከዚያ አለቀ፣ የቀረው ለሳምንት። አፉም ይከፈታል ይዘጋል፣ ይከፈታል ይዘጋል፣ ውሃ ያለቀበት ዓሣ። ያንገሸግሸኛል።

— ሁሉም አንድ አይደለም? ለምሳሌ የቱ?… ማን ነገረሽ?… ፉሳኤ፣ እሁድ እሁድ የማየውን ለልጅቷ የምታወሪላት አንቺ ነሽ?… ምን ያስቅሻል… ሄሎ። አዎ፣ መርማሪዋን ድመት አያለሁ። እሷ ሌላ ናት። ስትራመድ ክብደት አላት። የሚስላት ሰው ድመት ያሳደገ ነው፤ እርሳሱ ይናገራል… ምን?… በኮምፒውተር? ድመቷ?… ጅራቷም?

— እንግዲህ… ክብደት አላት አልኩ እንጂ ወደድኳት አላልኩም። የሩዝ ብስኩት እየቆረጠምኩ የማየው ሳጣ ነው።

ከጠረጴዛው ማዶ ጓደኛው ሙራኮሺ በአፍንጫው ሳቀ። እግሩን ከሥሩ ማሞቂያ ባለው ጠረጴዛ ላይ በተደረበው ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል። ከሁለት ዓመት በፊት ቀኝ ጎኑን ስትሮክ መትቶት፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ባዶ ጓንት መስሎ ተጋድሟል። መንደሪኑን የሚልጥለት ኢሶጋይ ነው። ዛሬ ደግሞ ሳይጠራ፣ መንደሪን በወረቀት ከረጢት ይዞ፣ ከፖስተኛው እግር በእግር ነበር የደረሰው።

— አጎትሽ ሙራኮሺ? እዚሁ ነው… ሳልጠራው ነው የመጣው። «ደርሷል አሉ፣ አብረን እንየው» አለኝ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየን… ምን ይላል? እሱ መቼ ይናገራል። ሙራኮሺ፣ ቺናሚ ሰላም ብላሃለች… ራሱን ነቀነቀልሽ። ሄሎ?… ሄሎ፣ ቺናሚ፣ ትሰሚኛለሽ?… ምነው ድምፅሽ ጠፋ? ደግሞ እሱ ቢሰማ ምን አለበት? አብረን አይተን አብረን ነው የተቃጠልነው።

— የባሰውን ገና አልነገርኩሽም። አንሶላው… አዎ፣ ያ አንሶላ። ስድስት ሰከንድ፣ ሰባ ሁለት ሥዕል። እናትየዋ ትሰቅለዋለች፣ ከባሕር ነፋስ ይነሳል፣ ልጁ በሥሩ ሮጦ ያልፋል። ሌላ ምንም የለም። ይኸው ሙራኮሺ የድሮውን ሲስል አጠገቡ ነበርኩ። ከቤቱ አንሶላ አምጥቶ ስቱዲዮው ጣሪያ ላይ ሰቅሎ፣ እየነከረ፣ እንደገና እየሰቀለ፣ ሁለት ቀን ቆሞ አየው። ሚስቱ መጥታ በአለቃችን ፊት «አንሶላዬን መልስ፣ ልጆቹ የሚለብሱት የላቸውም» ብላ ጮኸችበት። ታስታውሳለህ ሙራኮሺ?… ያስታውሳል። ከሰባ ሁለቱ አንዱም ላይ ቢጫ ወረቀት አልደረብኩም። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ያለ ቢጫ ወረቀት ያለፈ ያ ብቻ ነው።

— የእናንተስ? መስመሩ ይንቀጠቀጣል። አንሶላ አይደለም፣ ትል ነው። ገመድ ላይ የተሰጣ ትል… ለምን አልልም? ያየሁትን ነው የምለው። በሰከንድ መቁጠሪያ ይዤዋለሁ። ሠላሳ አንደኛው ሥዕል ላይ ጫፉ ይወርዳል፤ ነገር ግን ከመውረዱ በፊት መክበድ አለበት፣ ውሃ ያዘለ ነው፣ ገና መታጠቡ ነው። በሠላሳ አንድና በሠላሳ ሁለት መካከል አንድ ሥዕል ይጎድላል። ከስድሳ በኋላ ደግሞ ነፋሱ ሳያልቅ አንሶላው ቆመ። ሰውየው ደክሞታል፤ ያስታውቃል። የደከመ ሰው መስመር ሳይ ያቅለሸልሸኛል፣ ካልቻልክ እርሳሱን ለምን አታስቀምጥም?

— አንተ፣ ምንድነው የምትጭረው እዚያ? የመንደሪኑ ከረጢት ላይ?… የገበያ ዝርዝር ነው? ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ጣትህም ጠቁሯል፤ ያንን የጋዝ ምድጃ ብቻህን መጠገን ተው አላልኩህም? ታጠብና ብላ… ሄሎ፣ አይ፣ ለሙራኮሺ ነው።

ሙራኮሺ አልታጠበም። ከረጢቱን ቀድዶ ዘርግቶ፣ አጭር እርሳስ በግራ እጁ ጨብጦ፣ አጎንብሶ ይጽፋል። ኢሶጋይ ዝም ሲል እሱም ቀና ይላል፤ ኢሶጋይ ሲቀጥል መልሶ ያጎነብሳል።

— ስሜን?… አታስገቢው… የስም ዝርዝሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከተዘጋ ይዘጋ። ገና ዘጠኝ ተኩል ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ብታስቢበት መልሴ ያው ነው።

— ቺናሚ፣ ስሚኝ የኔ ልጅ። ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጠሽ የእርሳስ ፍርፋሪ ስትለቅሚ ያደግሽ ነሽ፣ አልረሳሁትም… አውቃለሁ። «አንድ ጊዜ እንኳ የሁለታችን ስም ጎን ለጎን» ያልሽው ገብቶኛል። እኔስ የማልፈልግ መሰለሽ? ዳሩ እኔ ያለኝ ያ ስም ብቻ ነው። ቤቱ የባንክ ነው፣ ጀርባዬ የሐኪም ነው። ስሜ ከዚያ ትል ጋር አያልፍም… እያለቀስሽ ነው?… ብርዱ ነው? ካፖርት ደርቢ ያልኩሽ ለዚህ ነበር።

ፉሳኤ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ እሺ በላት ማለቷ ነው። ኢሶጋይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

— እንዲህ እናድርግ። አንድ ነገር ንገሪኝ። አንሶላውን የሳለው ማን ነው?… አልናገርም ማለት ምንድነው?… ቃል ገባሽ? ለማን?… ለራሱ ለሳለው ሰው? «ማን እንደ ሳለው ሳይነገረው ይፍረድልኝ» አለ? እንዲህ የሚል ሰው ደግሞ አለ በዚህ ዘመን? ይህስ አስደሰተኝ። እንግዲህ ፈረድኩለት፣ ሄደሽ ንገሪው… ለማረም ሦስት ቀን ይቀረዋል? ጥሩ፤ ያርመው። ያልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ንገሪው፣ ትሏንም አትተዪ።

— ግን ስሙን ንገሪኝ። ስሙን ከነገርሽኝ ስለ ስሜ አስብበታለሁ… አዎ፣ እውነቴን ነው። የማን ተማሪ እንደሆነ ልወቅ። የዚህን ሰፈር ሠዓሊ ሁሉ እኮ በመስመሩ ነው የማውቀው። ሦስት መስመር ይበቃኛል። የዚህን የሙራኮሺን እጅ ብትዪኝ ከሺህ ሰው እጅ መሐል ለይቼ…

ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ያፏጫል። ኢሶጋይ መነጋገሪያውን ወደ ጆሮው አጥብቆ ያዘ።

— ምን አልሽ?

— በግራ እጁ?…

— አራት ወር ሙሉ… ሰባ ሁለቱንም? ማንም ሳይነካለት?…

ከዚያ በኋላ ለመዞር ጊዜ ፈጀበት። ሲዞር ያየው መጀመሪያ የሙራኮሺን ጣቶች ነበር። የምድጃ ጥቀርሻ አልነበረም። በመስኮቱ ብርሃን የሚያብለጨልጭ፣ ከትንሿ ጣት እስከ አንጓው ድረስ የዘለቀ የእርሳስ ጥቁረት ነበር፤ ኢሶጋይ ዕድሜ ልኩን ከራሱ እጅ ላይ ሲያጥበው የኖረው። ሙራኮሺ ገና እየጻፈ ነው። ፊቱ ላይ ቅያሜ አልነበረም። ድሮ፣ ወጣት ሳሉ፣ ከኢሶጋይ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ቢጫ ወረቀቱን ሲጠብቅ የነበረው ፊት ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ደስ ያለው ይመስላል።

— እ… ሄሎ። አለሁ፣ አለሁ። ስሚኝ ቺናሚ። ስሜን አስገቢው… አዎ፣ አስገቢው ነው ያልኩት። ከላይ፣ ከታች፣ የፈለግሽበት።

— አንሶላው?… አንሶላው እኮ፣ እንደገና ሳስበው፣ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ያ መንቀጥቀጡ ራሱ… ነፋስ አይደል እንዴ፣ ነፋስ ይንቀጠቀጣል። የኔ ዓይን ነው የደከመው። ቴሌቪዥኑም ያረጀ ነው፣ ፉሳኤ ስንት ጊዜ ቀይረው ብላኛለች… ምኑ ይታረማል? ምንም አይታረምም። አንድ መስመር እንዳትነኩበት። ግሩም ሥራ ነው። እንዲያውም ከድሮው…

እርሳሱ ቆመ።

ሙራኮሺ ቀና ብሎ አየው። ኢሶጋይ ፈገግ ሊል ሞከረና አቃተው። ሙራኮሺ እርሳሱን አስቀመጠ። የጻፈበትን ወረቀት በአንድ እጁ አራት ቦታ አጠፈው፤ ከኪሱ ሊከተው ብሎ ተወውና፣ ግማሹ ከተላጠው መንደሪን አጠገብ አኖረው። ከዚያ በጠረጴዛው ተደግፎ ተነሳ።

— ሙራኮሺ?… ወዴት ነው? ሻይ እኮ እየፈላ ነው… ቺናሚ፣ ቆይኝ… ፉሳኤ፣ ካፖርቱን አትስጪው… አትስጪው አልኩሽ፣ እየመጣሁ ነው።

የስልኩ ገመድ ተወጥሮ ሣጥኑን ከመደርደሪያው ሊጥለው ደረሰ። ኢሶጋይ አንድ እግሩን ዘርግቶ ቆመና፣ በነጻ እጁ ወረቀቱን አነሳ። በተጣመመ ፊደል ተጽፎበታል። «31፣ ይክበድ። በ31 እና 32 መካከል፣ አንድ ይጨመር። ከ60 በኋላ ነፋሱ አላለቀም። ደክሞኛል፣ ያስታውቃል።» ከሥሩ ደግሞ የአንሶላ ጫፍ ተሥሏል፤ መዳፍ የምታክል። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ጫፉ ግን እርጥብ ነበር፤ ሊወርድ ሲል የከበደ።

ከበሩ በኩል አንድ ጫማ መሬት ሲረግጥ ተሰማ። ብዙ ቆይቶ ሁለተኛው። ከዚያ በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ፣ ብርድ ገባ፣ በሩ ተዘጋ።

— ሄሎ… አለሁ… ወጣ…

— አላውቅም። ያልኩትን ሁሉ የጻፈበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቶ ነው የሄደው…

— ቺናሚ፣ ልዝጋው።