አምስተኛው አጀንዳ ላይ ማን ተናገረ?

(ማክሰኞ ረፋድ፣ በካቢኔው ጽሕፈት ቤት የቃለ ጉባኤ ክፍል፤ የእንስሳት ጉዳይ ሚኒስትሩ ዶክተር ለሜሳ፣ ሌላ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚቆምላቸው ሰውዬ፣ ዛሬ እንደ ተራ ባለጉዳይ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሚኒስትሮችን ቃል ሲጽፉ የኖሩት ወይዘሮ ተናኘ ደግሞ ከወረቀታቸው ቀና አላሉም።)

ዶክተር ለሜሳ፦ አንድ መስመር ብቻ ናት እኮ፣ ወይዘሮ ተናኘ! አንድ መስመር ቢጨመር ማን ይጎዳል?

ወይዘሮ ተናኘ፦ መጀመሪያ ይቀመጡ። ሰው ሲቆምብኝ መጻፍ አልችልም።

ዶክተር ለሜሳ፦ አልቀመጥም፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው። «ዶክተር ለሜሳ በአጀንዳው ላይ ስጋታቸውን ገልጸዋል።» በቃ! ስድስት ቃል ናት።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ገልጸዋል?

ዶክተር ለሜሳ፦ ምኑን?

ወይዘሮ ተናኘ፦ ስጋትዎን ነዋ። እኔ እኮ ዓርብ ዕለት እዚያው ነበርኩ፤ ከሰብሳቢው በስተግራ፣ ከውሃው ጠርሙስ አጠገብ።

ዶክተር ለሜሳ፦ በሆዴ ገልጫለሁ።

ወይዘሮ ተናኘ፦ የሆድ ቃለ ጉባኤ አልይዝም፣ ክቡር ሚኒስትር።

ዶክተር ለሜሳ፦ ይቀልዱብኛል እንዴ?

ወይዘሮ ተናኘ፦ ኧረ በፍጹም። አሁን ቀና ብዬ ሳይዎት ደግሞ ጭራሽ ቀልድ አያሰኝም። ከስተዋል። ምነው፣ አመመዎት?

ዶክተር ለሜሳ፦ አላመመኝም። እስቲ የዓርቡን ያንብቡልኝ። ምን ብለው እንደጻፉት ልስማ።

ወይዘሮ ተናኘ፦ አንደኛ፣ የአየር በረራ ስምምነት፤ ጸደቀ። ሁለተኛ፣ የዲፕሎማቶች ቪዛ ጉዳይ፤ ጸደቀ። ሦስተኛ፣ የምርጥ ዘር ደንብ፤ በትንሽ ማስተካከያ ጸደቀ። አራተኛ፣ የመንጃ ፈቃድ ደንብ፤ እሱ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ተጨቃጨቃችሁ፤ መኪናውን ሹፌር እየነዳላችሁ ምን እንዳነጋገራችሁ አላውቅም። አምስተኛ፣ ከውጭ አገሩ መንግሥት ጋር የኢንቨስትመንት ስምምነት፣ ከነአባሪው፤ አራት ደቂቃ። ስድስተኛ፣ የእርስዎ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፤ ጸደቀ፣ ተጨበጨበ። ሁሉም «በሙሉ ድምፅ» ይላል።

ዶክተር ለሜሳ፦ አራት ደቂቃ?

ወይዘሮ ተናኘ፦ ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነኝ።

ዶክተር ለሜሳ፦ አባሪው ላይ ለማዕድን ውሃ ፋብሪካ ስለሚሰጠው ምንጭ ያውቃሉ?

ወይዘሮ ተናኘ፦ የምጽፈውን ሁሉ ባውቅማ ኖሮ እስካሁን አብጄ ነበር።

ዶክተር ለሜሳ፦ የገንደ ቂልጡ ሆራ ነው። የእኔ አገር። ሆራ ማለት ከብቱ በየሁለት ሳምንቱ እየተነዳ ወርዶ የሚጠጣው ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው። ያንን ያልጠጣች ላም ሳር እያለላት ትከሳለች፣ ወተቷ ይነጥፋል። ከሰባት ቀበሌ ነው የሚመጣው ከብቱ። እኔ ራሴ ያደግኩት በዚያ ወተት ነው። አሁን በአጥር ይከበባል።

ወይዘሮ ተናኘ፦ እንግዲህ እርስዎ ደግሞ የእንስሳት…

ዶክተር ለሜሳ፦ ይጨርሱት። የእንስሳት ሚኒስትር ነኝ። ይበሉት፣ አይፍሩ።

ወይዘሮ ተናኘ፦ አልልም። ፊትዎ ብሎታል።

ዶክተር ለሜሳ፦ የአገሬ ሰዎች ዜናውን ዓርብ ማታ በሬዲዮ ሰሙ። ቅዳሜ በጠዋት አጎቴ ደወሉ፣ ኦቦ ጉርሜሳ፤ የእናቴ ወንድም። አልተቆጡም፣ አልሰደቡኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ተናግረህ ነበር?» አሉኝ።

ወይዘሮ ተናኘ፦ እርስዎስ?

ዶክተር ለሜሳ፦ «ተናግሬ ነበር፣ ድምፅ በለጠኝ» አልኳቸው።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ወይ ጉድ!

ዶክተር ለሜሳ፦ ከአፌ ሲወጣ እኔ ራሴም ደነገጥኩ። እሳቸው ግን መረቁኝ! በስልክ፣ እትዬ! «አንተስ የወንድ ሥራ ሠርተሃል፣ ክፉ አይንካህ» ብለው። ከዚያ ሬዲዮው «በሙሉ ድምፅ» ብሏል ብሎ አንድ አስተማሪ ተከራከራቸው። እሳቸው ደግሞ «የእህቴ ልጅ አይዋሽም፣ ሄጄ ወረቀቱን አምጥቼ አሳይሃለሁ» ብለው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ተነሡ። ዛሬ በማለዳ ገቡ። አሁን ታች እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ስለዚህ መስመሯ ለአጎትዎ ናት።

ዶክተር ለሜሳ፦ ያችን ገጽ ኮፒ አድርጌ ላሳያቸው ብቻ። ከዚያ ቀድጄ እጥላታለሁ።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ቃለ ጉባኤ ከዚህ ክፍል እንደማይወጣ ያውቃሉ።

ዶክተር ለሜሳ፦ አውቃለሁ።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ያልተባለ ነገር እንደማይጻፍም ያውቃሉ።

ዶክተር ለሜሳ፦ አውቃለሁ አልኩ እኮ! ባላውቅ ኖሮ እንዲህ እለምናለሁ? አዝዝ ነበር።

ወይዘሮ ተናኘ፦ እሺ፣ አይቆጡ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ምንጩ የእናንተ መሆኑን ያወቁት መቼ ነው?

ዶክተር ለሜሳ፦ ያው… እንደማንኛውም ሰው፣ ዜናውን ስሰማ ነዋ። አባሪ ማን ያነባል? ያ ሁሉ ወረቀት!

ወይዘሮ ተናኘ፦ ክቡር ሚኒስትር።

ዶክተር ለሜሳ፦ አቤት።

ወይዘሮ ተናኘ፦ አጀንዳው የሚታደልባችሁ ፎልደሮች ከስብሰባው በኋላ ወዴት ይሄዳሉ?

ዶክተር ለሜሳ፦ ይሰበሰባሉ።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ማነው የሚሰበስበው?

ዶክተር ለሜሳ፦ …እርስዎ።

ወይዘሮ ተናኘ፦ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። አሥራ አራት ቁጥር የእርስዎ ነው። መዝገብ ቤት ከመግባቱ በፊት ሚኒስትሮቹ በእርሳስ የጫሩትን ሁሉ በላጲስ ማጥፋት የእኔ ሥራ ነው። ስንቱን አይቻለሁ መሰለዎት! አበባ የሚስል አለ፤ የልጁን የሠርግ ጥሪ ዝርዝር የሚያወጣ አለ። የእርስዎ አባሪ ገጽ ዘጠኝ ላይ ግን «ገንደ ቂልጡ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ጎኑ ላይ ደግሞ «እናገራለሁ» ይላል።

ዶክተር ለሜሳ፦ በቃ፣ ይተዉት።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ቀጥሎ ተሰርዟል።

ዶክተር ለሜሳ፦ ይተዉት አልኩ!

ወይዘሮ ተናኘ፦ እሺ።

ዶክተር ለሜሳ፦ እዚህ ወንበር ላይ ልቀመጥ?

ወይዘሮ ተናኘ፦ ቅድም ጀምሮ ይቀመጡ ስልዎት አይደል እንዴ።

ዶክተር ለሜሳ፦ ሐሙስ ዕለት አነበብኩት። ሁለቴ አነበብኩት። ምን እንደምል ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። አምስተኛው ሲደርስ እጄን ላነሳ ስል ከጎኔ የተቀመጠው…

ወይዘሮ ተናኘ፦ ስምምነቱን ያቀረበው ሚኒስትር። ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለዎት። አይቻለሁ።

ዶክተር ለሜሳ፦ «ስድስተኛው ያንተ አይደል?» አለኝ። ይህንኑ ብቻ። በፈገግታ። የእሱን ከነካሁ እሱም የእኔን ይነካል፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን፣ እርስዎ ያውቁታል። ለኢንስቲትዩቱ ሁለት ዓመት ለፍቻለሁ። ደግሞም «የትውልድ መንደሩን ይዞ መጣ» እንዳልባል ፈራሁ። «ተቃውሞ ያለው?» ተባለ። ጠርሙሱን አየሁ። ውሃ ቀዳሁና ጠጣሁ!

ወይዘሮ ተናኘ፦ እሱንም አይቻለሁ።

ዶክተር ለሜሳ፦ አሁን እኒያ ሽማግሌ ታች ሆነው ይጠብቁኛል። ፊቴን ወዴት ላዙር? በሞቴ፣ እትዬ ተናኘ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይተባበሩኝ። እርስዎ ለማንም አድርገው አያውቁም?

ወይዘሮ ተናኘ፦ አድርጌ አውቃለሁ።

ዶክተር ለሜሳ፦ ለማን?

ወይዘሮ ተናኘ፦ ስማቸውን ይተዉት፣ አርፈዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። እንደ እርስዎ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለመኑኝ፤ አንጀቴን በሉት፣ ጻፍኩላቸው። ያልተናገሩትን ተናግረዋል ብዬ። ከዚያ ሰውየው ያችን መስመር የሕይወታቸው ትልቅ ሥራ አድርገው ያወሩ ጀመር። የሚገርመው መጨረሻ ላይ ራሳቸውም አመኗት። ሲሞቱ በቀብራቸው ላይ ተነበበች። «ሁሉም ዝም ሲል እሳቸው ብቻ ተናገሩ» ተባለ። ሕዝቡ በእንባ ተራጨ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ መሬት መሬት አየሁ። ባልቴቷ አቅፈው «አንቺ እዚያ ነበርሽ፣ ምስክር ነሽ» አሉኝ።

ዶክተር ለሜሳ፦ ምን አሏቸው?

ወይዘሮ ተናኘ፦ «አዎ» ነዋ! ምን ልበል? እስከ ዛሬ የሴትዮዋን ሰፈር ዞሬ ነው የማልፈው። ያን ቀን ለሰውየው ያዘንኩ መስሎኝ ነበር።

ዶክተር ለሜሳ፦ እንግዲያው አይሆንም ማለትዎ ነው።

ወይዘሮ ተናኘ፦ አይሆንም። ግን ዓርብ ይመጣል አይደል?

ዶክተር ለሜሳ፦ ዓርብ ምን አለ?

ወይዘሮ ተናኘ፦ ሌላ ስብሰባ ነዋ። ሲከፈት ሰብሳቢው መጀመሪያ የሚሉት ምንድነው?

ዶክተር ለሜሳ፦ «ባለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ እርማት ያለው?»

ወይዘሮ ተናኘ፦ እርስዎ ሁልጊዜ ያኔ ምን ያደርጋሉ?

ዶክተር ለሜሳ፦ ስልኬን አጠፋለሁ።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ሁሉም እንደዚያው ነው። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሰው ብቻ ነው እጁን ያነሣው። «ኢንጂነር የሚለው ማዕረጌ ቀርቷል» ለማለት። ቃለ ጉባኤው እስኪጸድቅ ድረስ ግን ውሳኔው ለፊርማ አይላክም። የአምስተኛው አጀንዳ ደብዳቤ ይኸው፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ገና አልተላከም።

ዶክተር ለሜሳ፦ አልገባኝም። እርስዎ የጻፉት ትክክል ነው። ምኑን ላርም?

ወይዘሮ ተናኘ፦ የእኔ ጽሑፍ ትክክል ነው። የሚታረሙት እርስዎ ነዎት። «ባለፈው መናገር ሲገባኝ ዝም ብያለሁ፣ አምስተኛው አጀንዳ እንደገና ይታይልኝ» ይበሉ። ያኔ እጽፈዋለሁ፤ ስድስት ቃል ሳይሆን ስድስት ገጽ ቢሆን እጽፈዋለሁ።

ዶክተር ለሜሳ፦ ስድስተኛውንም እንደገና ይከፍቱብኛል እኮ! ይበቀሉኛል።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ይከፍቱ ይሆናል።

ዶክተር ለሜሳ፦ ወንበሩም ሊሄድ ይችላል።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ሊሄድ ይችላል። አልዋሽዎትም፣ ደግሞ ተናግረውም ምንጩ ላይተርፍ ይችላል። አንድ ድምፅ ነው ያለዎት።

ዶክተር ለሜሳ፦ ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

ወይዘሮ ተናኘ፦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጸሐፊ ነኝ። አጎትዎ የጠየቁት ምንጩ ተረፈ ወይ ብለው ነው እንዴ?

ዶክተር ለሜሳ፦ …አይደለም። «ተናግረህ ነበር?» ብለው ነው።

ወይዘሮ ተናኘ፦ እንግዲህ።

ዶክተር ለሜሳ፦ ፎልደሩ የታለ? አሥራ አራት ቁጥር።

ወይዘሮ ተናኘ፦ እነሆ።

ዶክተር ለሜሳ፦ አልጠፋም እኮ! እርሳሱ እንዳለ ነው። ለምን አላጠፉትም? ከዓርብ ጀምሮ አራት ቀን ሆነው።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ሦስት ጊዜ ላጲሱን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እጄ እምቢ አለኝ። ይመጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲህ ያለ ልመና ይዘው ይመጣሉ ብዬ ግን አይደለም።

ዶክተር ለሜሳ፦ አፈርኩ፣ እትዬ። እውነቴን ነው የምልዎት፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ወይዘሮ ተናኘ፦ ገና ታች አልወረዱም። እዚያ ሲደርሱ ይብሳል።

ዶክተር ለሜሳ፦ አልወርድም። ብወርድ በደረጃው ላይ ሌላ ውሸት አገኛለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ። እሳቸው በሊፍቱ ይምጡ። ለእንግዳ መቀበያው ይደውሉልኝ።

ወይዘሮ ተናኘ፦ እዚህ? እኔ ክፍል?

ዶክተር ለሜሳ፦ እዚሁ። እርስዎ ደግሞ እንዳይወጡ። ብዕርዎን ያውጡና የምናገረውን ሁሉ ይጻፉ። ዓርብ ከመግባቴ በፊት አንድ ቃል ብለውጥ ያነቡልኛል።

ወይዘሮ ተናኘ፦ እሺ፣ ብዕሬ ተከፍቷል። ከምን ልጀምር? «ዶክተር ለሜሳ ለአጎታቸው ገለጻ አድርገዋል» ልበል?

ዶክተር ለሜሳ፦ እንደሱ አይደለም። «ዋሽቼዎታለሁ» ከሚለው ይጀምሩ።