አማቴ የቀየሱት ደሴት

የሚስቴ አባት ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ ሊጠይቁን አትላንታ ከመጡ ጀምሮ ከእኔ ጋር ከሰላምታ አያልፉም። እስቲ ባሕር ላሳያቸው ብዬ አራት ሰዓት ነድቼ ወሰድኳቸው። እዚያ የተከራየነው ባለጀልባ፣ ሰው የማይኖርባት ትንሽ የአሸዋ ደሴት ላይ አወረደንና ጀልባውን ዳር ላይ አቁሞ ጠበቀን።

«የማን ናት?» አሉኝ። «የማንም አይደለችም» ስላቸው ዓይናቸው በራ። ወዲያው በእርምጃቸው ለክተው በአራቱም ማዕዘን እንጨት ተከሉ። ሳንድዊቻችንን በልተን ቀና ስንል ሁለቱ እንጨቶች ውኃ ውስጥ ገብተዋል! ባለጀልባው እየሳቀ፣ «ማዕበሉ በዚህ በኩል ይበላታል፣ በዚያ በኩል አሸዋ ይጨምርላታል። አምና እዚያ ማዶ ነበረች» አለ። ተረጎምኩላቸው።

«መሬት እንዴት ይሄዳል?» ብለው ተቆጡ። እየተከራከሩኝ ሳለ ባሕሩ ሞልቶ እኛና ጀልባው መካከል ያለው ውኃ ወገብ ደረሰ። ዋና አይችሉም። «አባባ፣ ጀርባዬ ላይ ይውጡ» ብዬ አዘልኳቸው። አንገቴን ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ «ልጄ፣ የኔ ልጅ፣ እንዳትጥለኝ!» ይሉኛል። ደስ ብሎኝ ቀስ እያልኩ ተራመድኩ።

ጀልባው ላይ ሳስቀምጣቸው ኮታቸውን አስተካከሉና፣ «ልጄ ያልኩህ ደንግጬ ነው፤ ለሚስትህ እንዳትነግራት» አሉኝ።

መንገድ ላይ ነዳጅ ልሙላ ብዬ ወረድኩና ደወልኩላት።